የቲቸር አፀደ አንገት

አፀደ አንገቷን የምትሸፍነው ከማን ነው?

ሮሐ ይህን ጥያቄ ይዛ ከርማለች፤ መልስ ግን አላገኘችለትም። አሰላ ላይ አንገት መሸፈን በራሱ ወሬ አይሆንም። የጭላሎ ተራራ ጉሙን ወደ ከተማው ሲለቀው ባጃጅ ነጂው ሳይቀር እስከ አፍንጫው ይጠቀለላል። የእናቷ የአፀደ ግን ሌላ ነው። ሽሮ ስታማስል ላቧ በግንባሯ እየወረደ እንኳ ሻርፗን አታወልቅም። ፊቷን የምትታጠበው በር ዘግታ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ከግድግዳው ወርዶ መኝታ ቤቷ ገብቷል። ሮሐ ምክንያቱን ስትጠይቃት «ሚስማሩ ላልቶ» አለቻት። ሮሐ ሚስማሩን ነቅንቃ አየችው። አልላላም።

መጠርጠር የሮሐ ትምህርትም አመልም ነው። ፖላንድ፣ ሉብሊን ከተማ ኬሚስትሪ ስትማር ከሁሉ አስቀድሞ የለመደችው ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን አለማመን ነበር። ወደ አሰላ ከተመለሰች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ኮሌጅ ታስተምራለች። ትልቁ ሻንጣዋ ግን እስካሁን ግማሹ ሳይፈታ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ጎረቤት «መቼ ነው የምትመለሺው?» ሲላት ወዴት እንደሆነ አይገባትም፤ ቢሆንም «እናያለን» ትላለች።

እናቷ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የከተማው ግማሽ ሰው ፊደል የቆጠረው እሷ ዘንድ ስለሆነ ጡረታ ከወጣች በኋላም ስሟ «ቲቸር» ነው። ሮሐ የምታውቃት እናት ወፍራም ነበረች። ሁለት አገጭ ነበራት፤ ተማሪዎቿ በጓሮ «አንዱ የክፍል ሥራ፣ አንዱ የቤት ሥራ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ከዚያ ስኳር አለብሽ ተባለች። ቲቸር ደግሞ የታዘዘችውን የምታደርግ ሰው ናት፤ ጣፋጩን ተወች፣ በየጠዋቱ አስፋልቱን ይዛ መሄድ ጀመረች፣ ከሳች። ሥጋው ሄደ፣ ቆዳው ቀረ። ከአገጯ ሥር የነበረው ሙላት ባዶ ከረጢት ሆኖ ወረደ። ሮሐ ልጅ ሳለች እንቅልፍ እስኪወስዳት በጣቷ የምትከተላቸው ሦስቱ የንቅሳት መስመሮችም አብረው ረገቡ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻቸው ግን ሻርፑ ከመምጣቱ በፊት ነው።

በጾሙ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ሮሐ ጓዳ ገብታ የስኳሩን ቆርቆሮ ከፈተች። እናቷ ስኳር ከተከለከለች ወዲህ ቆርቆሮውን የሚከፍተው የለም። ውስጡ ስኳር አልነበረም። ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ብልቃጥ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ቅባት ነው።»

«የምን ቅባት?»

«የእጅ።»

«የእጅ ቅባት ስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«አንቺስ ስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሮሐ ብልቃጡን አሸተተች። ሽታ የለውም፤ ሽታ የሌለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስፈራታል። ቆዳ ያሳምራል ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ ያለበት ስንት ቅባት ታውቃለች። ብልቃጡን በቦርሳዋ ይዛ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የፈይሩዛ ሱቅ ወረደች። ፈይሩዛ የመዋቢያ ዕቃ ነጋዴ ናት፤ ከሮሐ ጋር አንድ ክፍል የተማረች፣ የእናቷም ተማሪ።

«አከም ጅርታ፣ ሮሒ። ሻንጣሽ አለ ወይስ ሄደ?»

«አለ። ለእናቴ ምን ሸጥሽላት?»

«ለቲቸር? ግሊሰሪን። ምነው፣ አሳከካቸው?»

«ብልቃጡ ላይ ለምን ምንም አልተጻፈም?»

«ከትልቁ ጀሪካን ነዋ የቀዳሁላቸው። ጀሪካኑ ላይ ተጽፏል፤ ነይ አንብቢ። ደብተርሽንም አምጪና ገልብጪው።» ፈይሩዛ በባንኮኒው ላይ ተደግፋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ እኮ ነገርኳቸው። ቲቸር፣ ቅባት ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ የወረደ አያነሳም አልኳቸው። አይ ካሉ ዶክተር ለሊሳ ጋ ማሽን አለ አልኳቸው። ቀጠሮ ይዘዋል። እንግዳው ሳይመጣ ይድረስልኝ እያሉ ነው።»

«የምን እንግዳ?»

ፈይሩዛ የሽቶ ጠርሙሶቹን መደርደር ጀመረች። ተደርድረው ነበር።

«ፈይሩዛ፣ የምን እንግዳ?»

«ወላሂ እኔ ምንም አላልኩም። እናትሽን ጠይቂ።»

ሮሐ ወደ ቤት የተመለሰችው በባጃጅ ሳይሆን በእግሯ ነው፤ እየሄደች ስታስብ ሐሳቧ ይጠራል። የዛን ቀን ግን አልጠራም። እናቷ ሰሞኑን ስልክ ይዛ ወደ ጓሮ የምትወጣው፣ ጎመኑ መሃል ቆማ የምትስቀው፣ የሚደውለው ቁጥር ስም የሌለው ለምን እንደሆነ አሁን ተገጣጠመላት። ስም የሌለው ብልቃጥ፣ ስም የሌለው ቁጥር።

አፀደ አልካደችም። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ሻርፗን ይበልጥ ጠበቅ አደረገችና እንደ ትምህርት አስረዳች።

«ወልደአማኑኤል ይባላል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ጮሌ ወረዳ አብረን ነበርን። እሱ ሒሳብ፣ እኔ ፊደል። ከዚያ እሱን አዛወሩት፤ እኔም እዚህ መጥቼ አባትሽን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አገባሁ። በቃ። አሁን አቦምሳ ነው ያለው፣ ወፍጮ አለው። ሚስቱ ሞታበታለች። ቁጥሬን ከድሮ ተማሪ አግኝቶ ደወለልኝ። ለዳግማ ትንሣኤ መጥቼ ልይሽ አለ።»

«ፊቱን አይተሽዋል?»

«በስልክ እንዴት አየዋለሁ?»

«ቪዲዮ አለ እኮ፣ እማዬ።»

«ካሜራው አይሠራም አለኝ።»

«ፎቶስ?»

«አልጠየቅሁትም። እሱም አልጠየቀኝም። እንኳንም አልጠየቀኝ።» እጇ ሳታውቀው ወደ አንገቷ ሄደ። «የሚያውቃት የሃያ ዓመቷን አፀደን ነው። ሌላ ሰው በር ስትከፍትለት እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። ሠርግ አላሰብኩ፣ ምን አላሰብኩ። በር ላይ እንዳይደነግጥ ብቻ።»

«ሰው የሚዘረፈው እንዲህ ነው። የማይሠራ ካሜራ፣ የሞተች ሚስት፣ የድሮ ፍቅር።»

«ምን ጠየቀኝና?»

«ገና ነው።»

አፀደ ልጇን አየቻት። «እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አንቺ ግን እባቡንም ሳታዪው ነው። ሕፃን ሆነሽ መድኃኒት ስሰጥሽ እንኳ አሽትተሽ ነበር የምትውጪው» አለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የስኳሩ ቆርቆሮ ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ።

በማግስቱ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እያለ ጠራ። አፀደ ደጅ ነበረች። ሮሐ የእናቷን ስልክ አልነካችውም፤ በራሷ ስልክ ቁጥሩን ፎቶ አንሥታ ተመለሰች። ሰኞ በምሳ ሰዓት ከኮሌጁ ደረጃ ላይ ቆማ ደወለች። በልቧ ሰውየውን «አንተ» ትለው ነበር፤ አፏ ግን አስተዳደጓን አልረሳም።

«ጋሽ ወልደአማኑኤል ኖት?»

«ነኝ። ማን ልበል?» የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ከኋላው ወፍጮ ያጓራል።

«የአፀደ ልጅ ነኝ።»

«ሮሐ» አለ ወዲያው፣ ደስ ብሎት። «እንዴት ነሽ? ሻንጣሽን ፈታሽው?»

ሻንጣዋን ያውቃል። ሌላስ ምን ያውቃል?

«ፊትዎን ለምንድነው የማያሳዩት?»

ሰውየው ፈራ ተባ እያለ «የዓይኔ ቆብ ወርዷል ልጄ» አለ። «ቆዳው ረግቦ አንዱን ዓይኔን ግማሹን ሸፍኖታል። አዳማ ሄጄ ላስነሳው ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያ እንዳታየኝ ብዬ ካሜራው ተበላሽቷል አልኳት። ምን ላድርግ፤ አፍሬ ነው።»

ሮሐ ይህን ስትሰማ ጥርጣሬዋ ከመቅለል ይልቅ ከበደ። እናቷ ቆዳዋ ረግቦ ታፍራለች፣ ሰውየውም ቆዳው ረግቦ ያፍራል። ቁልፉ ለቁልፍ ቀዳዳው ልክ ሆኖ ሲመጣ አንድ ሰው ሞርዶታል ማለት ነው። ዋሽቻለሁ ብሎም ራሱ ተናግሯል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጮሌ አብረዋት ከነበሩ ያውቁታል። እናቴ አንገት ላይ ስንት መስመር ንቅሳት አለ?»

«አራት» አለ፣ ሳያስብ። «አራተኛዋማ እኮ...»

«ሦስት ነው።»

«ልጄ...»

«ሦስት ነው። እኔ እዚያ አንገት ላይ ነው ያደግሁት። ካሁን በኋላ እናቴ ጋ እንዳይደውሉ፣ እንዳይመጡም። ከደወሉ ቁጥርዎን ለፖሊስ እሰጣለሁ።»

ወፍጮው ቆመ። አንድ ሰው አጥፍቶት ይሆናል። በዝምታው ውስጥ ሰውየው «አፀደ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ?» ሲል ጠየቀ።

ሮሐ አፍታ ብቻ አመነታች። አንድ ጊዜ ተቆርጦ ቢያልቅ ይሻላል ብላ አሰበች።

«አዎ» አለች።

«እሺ ልጄ። እሺ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሮሐ ወደ ክፍል ገብታ ያንን ቀን ከወትሮው በተሻለ አስተማረች።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጸጥ አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አፀደ «አቦምሳ መብራት ጠፍቶ ይሆናል» አለች። ቀጥላ «ኔትወርክ ነው» አለች። ደጋግማ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም፤ በመጨረሻ መጥራቱንም ተወ። የሕማማቱን ሳምንት በስግደት አሳለፈችው። የትንሣኤ ዕለት ዶሮው ቀርቦ አንድ ጊዜ ጎርሳ እጇን ታጠበች። ሮሐም አስተውላለች፣ ግን የሚድን ሰውም መድኃኒቱ ይመረዋል ብላ ራሷን አሳመነች።

«ስልኬን ነክተሽ ነበር?» አለቻት አፀደ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዞር ሳትል።

«አልነካሁም።»

እውነት ነበር። ሮሐ እውነት መሆኑን ሁለት ጊዜ አጣርታ ነው የመለሰችው።

የዶክተር ለሊሳ ቀጠሮ ከዳግማ ትንሣኤ በፊት በነበረው ሐሙስ ነበር። አፀደ መሄዱን ልትተወው ነበር፤ ሮሐ ናት ያባበለቻት። ማሽኑን በዓይኗ ለማየት ፈልጋለች፤ እናቷን የሚያታልል ሌላ ሰው ካለ እዚያው ልትይዘው። ክሊኒኩ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለ ጠባብ ፎቅ ነው። ለሊሳ ወጣት አይደለም፤ ሆኖም አፀደን ሲያይ እጁን ከኪሱ አወጣ፣ እንደ ተማሪ ቆመ።

«ቲቸር። ይቀመጡ፣ ሃርሜ፣ እናቴ።»

«ለሊሳ፣ ቁመት ጨምረሃል ወይስ እኔ ነኝ ያጠርኩት?»

«እርስዎ ኖት» አለና አፈረ። አፀደ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለች።

ሻርፑን ማውለቅ ግን ጊዜ ወሰደባት። ሮሐ አንገቱን ካየችው ወራት አልፈዋል፤ ከገመተችው በላይ ወርዷል። ለሊሳ ቆዳውን በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ሳበ፣ ለቀቀ፣ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ተመለከተ።

«ማሽንህን አብራልኝ» አለች አፀደ።

«ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት? ማሽኑ ሙቀት ነው። ቆዳውን ከውስጥ ያሞቀዋል፤ ትንሽ የላላውን ትንሽ ይሰበስባል። የእርስዎ ግን ሲከሱ የተረፈ ቆዳ ነው። ብዙ ጊዜ ተመላልሰው ለውጡን የሚያዩት እርስዎና እኔ ብቻ እንሆናለን።»

«ሌዘር የሚሉትስ?» አለች ሮሐ። እሱ እንዲህ ገበያውን የሚዘጋው ለምን ይሆን እያለች ነበር።

«እዚህ ላይ አላሳርፈውም። የንቅሳቱ ቀለም ሙቀቱን ይስባል፣ ቆዳው ይቃጠላል። እዚህ አገር አንገት ላይ ሳያዩ ሌዘር መተኮስ...» ራሱን ነቀነቀ። «የሚቀረው ቀዶ ጥገና ነው። አዲስ አበባ የሚሠሩ አሉ። ትርፉን ቆርጠው ወደ ላይ ይስቡታል፤ ያም ቢሆን ስኳር ስላለብዎት ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ደግሞ መስመሮቹ ቦታቸውን ይለቃሉ። ቆይ ላሳይዎት።»

የእጅ መስታወት ሰጣት። ከመንጋጋዋ ሥር ያለውን እጥፋት በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሳበው።

«ሦስቱ እዚህ ይወጣሉ። ይቺ አራተኛዋ ግን ተቆርጣ ትሄዳለች።»

ሮሐ የሰማችውን ለማመን ከወንበሯ ተነሣች። እጥፋቱ ውስጥ፣ ከአገጩ ሥር፣ አንድ ቀጭን መስመር ነበር። ፀሐይ አይቶት ስለማያውቅ ከሦስቱ ይልቅ ደምቆ አረንጓዴ ነው፤ ትናንት የተነቀሰ ይመስላል።

አፀደ መስታወቱን አቅርባ አየችና ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ለሊሳ እጁን ከአንገቷ አነሣ።

«ይቺማ የጮሌዋ ናት። እኔም ረስቻት። ሦስቱን ያስነቀሰችኝ እናቴ ናት፣ ልጅ ሆኜ፣ እምቢ ስል ይዘውኝ። ይቺን ግን ራሴ ነኝ፣ በገዛ ደሞዜ። ጮሌ ገበያ ላይ አንዲት ነቃሽ ነበረች። ወልደአማኑኤል እጅሽን ልያዝልሽ ብሎ መጣ። መርፌውን ሲያይ እሱ ወደቀ። ሰዉ እኔን ትቶ እሱ ላይ ውሃ ያፈስ ጀመር።» ዓይኗን ጠረገች። «ቀጥሎ ወፈርኩ፣ ተሸፈነች። ከሳሁ፣ ተሸፈነች። አባትሽ አንድ ቀን አይቷት ይቺ ምንድናት ሲለኝ እድፍ ናት ብዬዋለሁ። ከወልደአማኑኤልና ከእኔ በቀር ንቅሳት መሆኗን የሚያውቅ የለም።»

ሮሐ መስኮቱን ልትከፍት ሄደች፤ መስኮቱ የሚከፈት ዓይነት አልነበረም።

«እና ምን ወሰኑ፣ ቲቸር?» አለ ለሊሳ።

«አላስቆርጣትም። ማሽንህንም አላበራም። እሱም ካየኝ ከነቆዳዬ ይየኝ።» አፀደ ሻርፗን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሲደውል እነግረዋለሁ፣ አራተኛዋ አሁንም አለች እኮ እለዋለሁ። መቼም ይደውላል።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺ ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ምንም። የመድኃኒቱ ሽታ ነው።»

ሮሐ ደረጃውን ሲወርዱ ከኋላ ቀርታ ለወልደአማኑኤል ደወለች፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው አላት። ዓርብም ደወለች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወደ መናኸሪያ ወርዳ የአቦምሳ መኪና ፈለገች፤ ረዳቱ የእሳቸውን ወፍጮ ያውቀዋል። «ጋሽ ወልደአማኑኤልን ነው? ወፍጮውን ዘግተው ከሄዱ ሰነበቱ። ልጃቸው ጋ ነው ያሉት መሰለኝ፤ የት እንደሆነ እንጃ» አላት። ዋሽቶ ይሆን ብላ የረዳቱን ፊት አጠናች። ለምን ይዋሻታል?

በዳግማ ትንሣኤ እሑድ አፀደ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። አንገቷ ባዶ ነበር። በረንዳው ላይ፣ መንገዱ በሚታይበት በኩል ወንበር አወጣች፤ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጉሙ እየተነሣ ነበር። ባጃጅ ሲያልፍ አገጯን ትንሽ ቀና ታደርጋለች፣ ሲያልፍ ትመልሰዋለች። ቀና ስትል፣ አሁን ሮሐ የት እንደምታይ ስላወቀች፣ የአራተኛው መስመር ጫፍ ብልጭ ይላል።

ሮሐ በሩ ላይ፣ ከሻንጣዋ አጠገብ ቆማ ጻፈች። ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች።

«ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ሮሐ ነኝ። አራት ናቸው። በዓይኔ አየሁ። እንዲህ በይ ያለችኝ እናቴ አይደለችም፤ ዋሽቼዎት ነው። እሷ ምንም አታውቅም። አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችዎት ነው። ዓይንዎ እንዳለ ይምጡ።»

ላከችው።

«ለማን ነው የምትጽፊው?» አለች አፀደ ከበረንዳው።

«የሥራ ነው።»

አፀደ ዞር ብላ አየቻት። ሮሐ ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ የላላ የተባለውን ሚስማር ስትነቀንቅ እሷ ራሷ ያየችው እንደዚያ ነበር። እናቷ ግን ወደ መንገዱ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ከመልእክቱ ሥር «ደርሷል» የሚል ምልክት መጣ። ስልኩ የሆነ ቦታ፣ በሆነ ሰው እጅ ተከፍቷል ማለት ነው። ሮሐ ወንበር አውጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሁለቱም ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪመሽ ጠበቁ። በማግስቱም፣ ክረምቱ ገብቶ ጭላሎ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈንም፣ መልስ አልመጣም።